ጃፓን ውስጥ መደርደሪያ ስሠራ የለየኋቸው ሱቆች

ጃፓን ውስጥ የህንጻ መሣሪያ መሸጫን በአንድ ስም ጠርቶ መጨረስ አይቻልም። ይህን የተረዳሁት ለተከራየሁት ቤት የመጽሐፍ መደርደሪያ ልሠራ ስነሳ ነው።

መዝገበ ቃላት ላይ ቀድሞ የሚገኘው "ካናሞኖያ" ነው። "ካናሞኖ" የብረታ ብረት ዕቃ፣ "ያ" ደግሞ ሱቅ ነው። መርካቶ ላይ "ቆርቆሮ ተራ" እንደምንለው፣ "ያ" ከዕቃው ስም ኋላ እየገባች ሱቁን ትለያለች። የእንጨቱ ሱቅ "ዛይሞኩያ" ነው። ቢላና መቀስ "ሃሞኖያ"፣ መጥረጊያ፣ ገመድና ቅርጫት ደግሞ "አራሞኖያ" ይገኛል።

የሰፈር ካናሞኖያ ትንሽ ሱቅ ነው። ሰዎች "ካናሞኖያ ሳን" ይሉታል። "ሳን" የሰውን ስም በአክብሮት ሲጠሩ የሚጨምሯት ናት፤ ለሱቅም መስጠታቸው ደስ ይለኛል። ያረጀ ማጠፊያ ይዛችሁ ሂዱ። ባለሱቁ አገላብጦ አይቶ ከመሳቢያ መሰሉን ያወጣላችኋል። እነዚህ ሱቆች እየጠፉ መሄዳቸው ግን ያሳዝነኛል። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ብቅ ብሎ የተስፋፋው "ሆሙ ሴንታ" የሚባለው ትልቅ የቤት ዕቃና መሣሪያ መደብር ገበያቸውን ወስዶታል።

እውነቱን ለመናገር እኔንም ያዳነኝ ሆሙ ሴንታ ነው። ካይንዙ፣ ኮሜሪ፣ ኮናን የሚባሉት ትልልቅ መደብሮች የዚህ ዓይነት ናቸው። ከኮምፔንሳቶ እስከ ችግኝና የውሻ ምግብ ሁሉም አለ። የኮምፔንሳቶው የተለመደ ልክ 910 በ1820 ሚሊሜትር ነው። "ሳቡሮኩ" ይሉታል፤ በድሮው መለኪያቸው ሦስት በስድስት ማለት ነው። መጋዝ አልነበረኝም። ልኩን ወረቀት ላይ ሥዬ ሰጠኋቸው፣ በማሽን ቆርጠው አስረከቡኝ። ክፍያው ስንት ጊዜ እንደተቆረጠ ታይቶ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ላለው ገዢ ትንሽ የጭነት መኪና ለአጭር ጊዜ በነጻ ያውሳሉ። ሳትጠይቁ እንዳትወጡ!

መደብሩ ሰፊ ስለሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙ፦ "ኔጂ ኡሪባ ዋ ዶኮ ዴስ ካ?" የቪቴ መሸጫው የት ነው ማለት ነው። "ኔጂ" የሚለውን በፈለጋችሁት ዕቃ ስም ቀይሩት። ልክ ሁሉ በሚሊሜትር ይጻፍ፤ የቆየ ቪቴ ካለ ደግሞ ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።

ለመንጠቆና ለጥቃቅን ነገር "ህያኪን" የሚባለው የርካሽ ዕቃ ሱቅ ይበቃል፤ አብዛኛው ዕቃ ከታክስ በፊት 100 የን ነው። ጠንካራ መሰርሰሪያ የሚፈልግ ባለሙያ "ኮጉተን" ወደሚባለው የሥራ መሣሪያ ሱቅ ይሄዳል።

የተከራዩትን ቤት ሲለቁ እንደነበረ መመለስ ግዴታ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ከመብሳት ይልቅ ሆሙ ሴንታ ውስጥ በቋሚ እንጨት ጫፍ ላይ የሚገጠም መወጠሪያ ግዙ። ቋሚውን እንጨት ከወለል እስከ ጣሪያ አጥብቆ ያቆመዋል። የኔ መደርደሪያ እንደዚያ ነው የቆመው።