ላሞቼን ለፋሲካ ማስወለድ ጀመርኩ

ሰላም ወገን። ሱሉልታ ላይ በረት ያለኝ፣ ወተት ለአዲስ አበባ የማቀርብ ሰው ነኝ። ይሄን የምጽፈው ደስ ስላለኝ ነው፣ ልደብቀው አልፈልግም። ዘንድሮ ዓቢይ ጾም ገብቶ እስኪወጣ ወተቴ ተመልሶብኝ አያውቅም፣ ውሰዱልኝ ብዬም ማንንም አልለመንኩም፣ ምክንያቱም ከላሞቼ ግማሾቹ ጾሙን ነጥፈው ነው ያሳለፉት፣ ፋሲካ ሰሞን ደግሞ ተራ በተራ ወለዱ። አጋጣሚ አይደለም፣ ከዓምና ክረምት ጀምሮ ስለፋበት የነበረ ነገር ነው፣ እና ወተት ላይ ያላችሁ ሰዎች ብታውቁት ይጠቅማችኋል ብዬ ነው።

አጀማመሬን ላሳጥረው። እንደ ብዙዎቻችሁ በአንድ ክልስ ላም ነው የጀመርኩት። ፉርሽካና ፋጉሎ (የዘይት መጭመቂያ ተረፈ ምርት) ማመጣጠን፣ ውሃ ሳይቋረጥ ፊቷ ማስቀመጥ (አንድ ሊትር ወተት ለመስጠት ከ3 እስከ 4 ሊትር ውሃ ትፈልጋለች፣ ውሃውን ረስተው መኖ ብቻ የሚጨምሩ ሰዎች በጣም ያሳዝኑኛል)፣ ጥጃ እንደተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር ማጠጣት፣ አልቦ ሲጨርሱ የጡቱን ጫፍ አዮዲን ውስጥ መንከር፣ እነዚህን ሁላችንም በጊዜያችን ተምረናቸዋል፣ በየስልጠናውም ይነገራሉ። በደንብ የሚነግረኝ ያጣሁለት ጥያቄ ላሟ መቼ ነው መውለድ ያለባት የሚለው ነው።

በጾም የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ካፌው ማኪያቶ ስለሚቀንስበት ትእዛዙን ይቀንሳል፣ ሰብሳቢው ከዚህ በላይ አልወስድም ይላል፣ ላሟ ግን ጠዋትና ማታ መታለቧ አይቀርም፣ መኖውም በዛው ዋጋ ነው። ቅቤ እናውጣው ይባላል፣ እኛም እናወጣለን፣ ለፋሲካ ጥሩ ይሸጣል፣ ግን ከፈረንጅ ላም ወተት 1 ኪሎ ቅቤ ለማግኘት 20 ሊትርና ከዛም በላይ ይፈጃል፣ ሂሳቡን ቁጭ ብላችሁ ስሩት፣ ብዙ ጊዜ ፉርሽካውን እንኳን አይመልስም።

አሁን ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ላም ከመውለዷ በፊት ጡቷ እንዲያርፍ፣ ለሚቀጥለው ወተትም እንድትዘጋጅ መድረቅ ያለባት ደግሞ 60 ቀን ገደማ ነው። ቅበላ ሰሞን ያደረቃችኋት ላም ጾሙን በሙሉ አርፋ ፋሲካ ላይ ትወልዳለች ማለት ነው፣ ከዛ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ወተቷ ጫፍ ላይ ሲደርስ ገበያው ተከፍቷል። የእርግዝና ጊዜዋ 280 ቀን አካባቢ ስለሆነ ከፋሲካ ወደኋላ መቁጠር ብቻ ነው። የዘንድሮው (የ2018) ሚያዝያ 4 ነበር፣ ወደኋላ ሲቆጠር ዓምና ሰኔ 29 ላይ ያርፋል። የ2019 ሚያዝያ 24 ነው፣ ስለዚህ የማዳቀያው ቀን ሐምሌ 19 ይሆናል። የ2020 ደግሞ ተመልሶ ሚያዝያ 8 ነው። እዚህ ጋ ጠንቀቅ በሉ፣ በዘንድሮና በ2019 ፋሲካ መካከል 385 ቀን አለ፣ በ2019 እና በ2020 መካከል ግን 350 ብቻ፣ ከዛ ላይ 280 ሲቀነስ ላሟ ከወለደች በ70 ቀን ውስጥ መያዝ (ማርገዝ) አለባት፣ ብዙ ለምታልብ ላም ይሄ በጣም ጠባብ ነው። ስለዚህ እኔ በዓሉን ቀን በቀን አላሳድድም፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ እንዲወልዱ ነው የማቅደው፣ ጾሙ መጨረሻ ላይ ብትወልድም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ወተት እንገር ነው፣ ለጥጃው ነው የሚሄደው፣ ብዙ አትጎዱም። በጣም ብትዘገይ ግን የሚቀጥለውን ዓመትም ይዛባችሁ ትሄዳለች።

ወረቀት ላይ ይሄ ሁሉ ቀላል ነው። በረት ውስጥ ሁሉም ነገር የሚንጠለጠለው አንድ ነገር ላይ ነው፣ ላሟ ኮርማ የፈለገችበትን ሰዓት ማግኘት። ከሁሉም በላይ ያስቸገረኝም፣ እስካሁንም እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። በ21 ቀን አንዴ ትመጣለች፣ ኮርማ ትፈልጋለች ማለት ነው (ከ18 እስከ 24 ሊሆን ይችላል)፣ ፍላጎቷ የሚቆየው ደግሞ ግማሽ ቀን ቢሆን ነው፣ አንዳንዷ ከዛም ያንሳል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ማታ ሁላችንም ተኝተን ነው የምትጀምረው። አንዴ ካመለጠች 21 ቀን ሙሉ ባዶዋን ትቀልቧታላችሁ።

ስልጠና ላይ ዋናው ምልክት ሌላ ላም ስትወጣባት ዝም ብላ መቆሟ ነው ይሉናል፣ ትክክል ነው፣ ግን የኛ ላሞች ታስረው ነው የሚውሉት፣ ማን ይወጣባታል? ብትፈቷትም ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ እግሯ ስለሚንሸራተት ብትፈልግም አትወጣም። እኔ ለውጥ ያየሁት ከበረቱ ጀርባ ያለችውን ቦታ አጥሬ፣ አፈሩን እንዳለ ትቼ፣ ጎህ ሲቀድና ማታ ከመታለባቸው በፊት ለትንሽ ጊዜ አብረው መልቀቅ ስጀምር ነው። ቦታው ትንሽ ነው፣ ግን ይበቃል። እዛ ቆሞ ማየት ደግሞ ሥራ ነው፣ ስልክ እየነካኩ አይሆንም።

ባለፈው ቡሬ የምንላት ላም ምን እንዳሳየችኝ ልንገራችሁ። ሌሎቹ ሳሩን ሲያሸቱ እሷ አንገቷን የጎረቤቷ ወገብ ላይ ጭና ቆማለች፣ ጭራዋ ሥር ያለው ፀጉር ተንጨባሯል፣ ታፋዋ ላይ የሌላ ላም ሰኮና ያመጣው ጭቃ አለ፣ ከብልቷ ደግሞ እንደ እንቁላል ነጭ የጠራ ዝልግልግ ፈሳሽ ወርዶ ጭራዋ ላይ ጭድ አጣብቆባታል። እምቧ አላለችም፣ አንዴም። ጩኸት ብቻ የሚጠብቅ ሰው እሷን ያልፋታል፣ ሰዉ ጩኸት መጠበቁን ቢተው ደስ ይለኛል። ጠዋት ስላየኋት ማታ ተዳቀለች፣ ደንቡ እሱ ነው፣ ጠዋት ካያችሁ ማታ፣ ማታ ካያችሁ በማግስቱ ጠዋት። ወዲያው ይዳቀልልኝ ብሎ መጣደፍ አያስፈልግም፣ እንቁላሉ የሚለቀቀው ፍላጎቷ ካለፈ በኋላ ነው። ጭራዋ ላይ ደም ካያችሁ ግን አልፏል፣ አዳቃይ (በሰው ሰራሽ መንገድ የሚያዳቅለውን ባለሙያ) አትጥሩ፣ ቀኑን መዝግባችሁ ከ18 ቀን በኋላ ዓይናችሁን አትንቀሉባት።

የሚያናድደኝ ነገርም አለ። አዳቃይ ባለሙያ በበዓልና በእሁድ ማግኘት መከራ ነው፣ ላሟ ደግሞ ቀን አትመርጥም። አንዴ ስደውል ነገ እመጣለሁ የተባልኩት ነገር በሦስተኛው ቀን ሆነ፣ መጥቶም ማዳቀል ፈለገ፣ እምቢ አልኩ። ብሩ አይደለም ያናደደኝ፣ የኮርማው ዘር በከንቱ ሊባከን፣ ተዳቅላለች ተብሎም ሊመዘገብ መሆኑ ነው። አሁን ሁለት ባለሙያ ስልክ ይዣለሁ፣ በዓል ሲመጣ ቀድሜ እደውላለሁ፣ ምክንያቱም ማን መቼ እንደምትመጣ ቀኑን አውቀዋለሁ።

ቀኑን የማውቀው ደግሞ በግድግዳ ካሌንደር ነው፣ ከሁሉም ዕቃዬ የምወደው እሱን ነው። የቤተክርስቲያን ካሌንደር፣ ጾሙና በዓሉ ሁሉ ያለበት፣ በረቱ በር ላይ ተሰቅሏል። ላም ስትፈልግ በቀይ እስክሪብቶ ስሟ ይጻፋል፣ ከዛ 21ኛው ቀን ላይ ክብ ይደረጋል። ስትዳቀል በሰማያዊ። ዝርዝሩ ደብተር ላይ ነው፣ የወለደችበት፣ የተዳቀለችበት፣ የኮርማው ቁጥር፣ የተመረመረችበት። ስልክ ላይ አፕ አለ የሚሉኝ ሰዎች አሉ፣ ሞክሬያለሁ፣ ግን ስልኩ የኔ ኪስ ውስጥ ነው፣ ካሌንደሩን ግን የሚያልበውም፣ ፍግ የሚጠርገውም፣ ባለሙያውም ያየዋል። በረት ውስጥ የማይታይ መዝገብ ለኔ መዝገብ አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ግን ኮርማ የፈለጉትን ከኔ በላይ የምታገኛቸው የምታልባቸው እማዬ ናት። ጡት እየያዘች ነው የምታውቀው፣ "ይቺ ዛሬ ወተቷን ይዛለች" ካለች ካሌንደሩን ሄጄ አያለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ 20 ወይ 21ኛው ቀን ነው። ወተት በድንገት መቀነስ በሽታም ሊሆን ይችላል፣ ከቀኑ ጋር ከገጠመ ግን ሌላ ማስረጃ አልፈልግም። ስለዚህ አላቢያችሁን አክብሩት፣ ደመወዙንም ጨምሩለት፣ አላቢ ቶሎ ቶሎ የሚቀያየርበት በረት ውስጥ ይሄ እውቀት አይከማችም።

ሆርሞን ወግቶ ሁሉንም በአንድ ላይ ማምጣት ይቻላል ይባላል። ይቻላል፣ በባለሙያ ከሆነ አልቃወምም። ግን የከሳች ላም ላይ መርፌ ተአምር አይሰራም፣ ኦቫሪዋ (እንቁላል የሚያመነጨው ክፍል) ካልሰራ መርፌው ብቻውን ብዙ አይረዳም፣ ሳይመረመሩ መውጋት ደግሞ እርጉዟን ያስወርዳል። መጀመሪያ መኖዋ ይስተካከል ባይ ነኝ። ከወለደች በኋላ አጥንቷ እስኪቆጠር የከሳች ላም በሦስት ወር ውስጥ ትይዛለች ብላችሁ አትጠብቁ። ከተዳቀለች በኋላ ፍላጎቷ ካልተመለሰ ያዘች ብላችሁም አትዝናኑ፣ ከ60 ቀን በኋላ በእጅ ትመርመር።

ሁሉንም ላም ለፋሲካ አድርጉ እያልኩ አይደለም። ገዢ ዓመቱን ሙሉ ወተት ይፈልጋል፣ በጾምም ሕጻን ያለበት ቤት አለ፣ የማይጾም ደንበኛ አለ፣ እሱን ካጣችሁት ሌላ ሰው ይወስደዋል። እኔ ግማሹን ለሚያዝያ፣ ግማሹን ለመስከረም ነው የከፈልኩት። የመስከረሞቹ ኅዳር መጨረሻ ላይ ይዳቀላሉ፣ ፍልሰታ ሲያልቅና ዓመቱ ሲለወጥ ይወልዳሉ፣ ብዙ በሚያልቡበት ጊዜም አዲሱ ድርቆሽ ይደርሳል። የነቢያት ጾም እነሱ ላይ ይወድቃል፣ አዎ፣ ግን እንደ ዓቢይ ጾም ገበያውን አይዘጋውም።

ስለ ወደፊቱ ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሱሉልታ አሁን ሸገር ከተማ ውስጥ ነች፣ ድርቆሽ ሲታጨድበት ያደግንበት ሜዳ ላይ ቤት እየተሰራ ነው፣ በሚቀጥሉት ዓመታት ድርቆሽ ከሩቅ በመኪና የሚመጣ ነገር ይሆናል። ላም መጨመር እድገት የሚመስላቸው ጎረቤቶች አሉኝ፣ አልስማማም። ባዶዋን የምትቆም አንዲት ላም የሁለት ጥገት ትርፍ ትበላለች። የኔ እቅድ ቁጥሩን መቀነስ ነው፣ በየዓመቱ የሚወልዱትን ብቻ ይዞ መቆየት፣ በተረፈው መሬት አጃና ቬች (ለከብት መኖ የሚዘራ የጥራጥሬ ዘር) ቀላቅሎ መዝራት። ይሄን እያልኩ ግን የመጀመሪያዋ ላሜ እዛው ቆማለች፣ አርጅታለች፣ ከወለደች ቆይቷል፣ ደብተሩ ሽጣት ይለኛል፣ እኔ ግን መሸጥ አልቻልኩም፣ በሷ ወተት ነው ይሄ ሁሉ የተሰራው። በዚህ በኩል ከኔ ምክር አትውሰዱ።

ለቀጣዩ ያሰብኩት ክረምት ላይ አጃውን ገና ለጋ እያለ አጭዶ፣ ትንሽ አጠውልጎ፣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ከትፎ በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ሳይሌጅ (አየር ሳይገባው ታፍኖ የሚቆይ እርጥብ መኖ) መስራት ነው። አየር ከገባበት እንደሚሻግት አውቃለሁ፣ ከረጢቱ በአይጥ እንዳይበሳ ምን እንደማደርግ ግን ገና አልወሰንኩም። ሆለታ፣ ሰንዳፋ ወይ ሰበታ አካባቢ በከረጢት የሰራችሁ ካላችሁ የት እንዳስቀመጣችሁት፣ በምን እንደጠቀጠቃችሁት፣ ስትከፍቱት ሽታው ምን እንደነበር ጻፉልኝ፣ ሐምሌ ሳይገባ ነው የምፈልገው፣ ሐምሌ ላይ ጊዜዬ በሙሉ አጥሩ ጋ ላሞቹን በማየት ነው የሚሆነው።