በሁለት ካርታ መካከል

የ2015 አዲስ ዓመት በገባ ሰሞን፣ የውጭ ዜና ዓምድ በማዘጋጅበት መጽሔት ውስጥ፣ ስለ ኪርጊዝስታንና ታጂኪስታን የድንበር ውጊያ የተጻፈ ሐተታ ገጹ ተቀናብሮ ወደ ማተሚያ ቤት ሊላክ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት፣ የግራፊክስ ባለሙያችን ሁለት ካርታ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። «ጋሼ፣ የትኛውን ላስገባው?» አለኝ። በአንደኛው ካርታ ቮሩኽ የተባለው የታጂኮች መንደር ዙሪያውን በኪርጊዝ መሬት ተከብቦ ለብቻው ይታያል፤ በሌላው ደግሞ ያለ ምንም ክፍተት ከታጂኪስታን ጋር ተያይዟል።

ሐተታውን የጻፈው ወጣት ባልደረባችን ጎላ ብሎ የሚነበበውን እንድንወስድ ሐሳብ አቀረበ፤ አንባቢ በትንሽ ካርታ ላይ ያን ያህል አይመራመርም ብሎ ነበር። ሰዓቱ እንደ ጠበበ አውቃለሁ፤ ይሁንና በዚያው ሳምንት ወደ መቶ የሚጠጋ ሰው ያለቀው፣ ከመቶ ሺህ የሚበልጥም ከቤቱ የወጣው ሁለቱ ካርታዎች በማይስማሙበት አካባቢ ስለ ነበር፣ ገጹ እንዲቆም ጠየቅሁ።

ባልደረባችን የጠየቀው ተገቢ ጥያቄ ነበር፦ የቀድሞ ሶቪየት ሪፐብሊኮች እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1991 አልማ አታ ላይ አንዳቸው የሌላውን ወሰን ሊያከብሩ ተስማምተው የለም ወይ? የአፍሪካ መሪዎችም እ.ኤ.አ. በ1964 ካይሮ ላይ ተመሳሳይ ውሳኔ አሳልፈዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቃል ኪዳን የሚሠራው መስመሩ የት እንደ ሆነ ሲታወቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ መካከለኛው እስያ በብሔር ሲከፋፈል የተሰመሩት መስመሮች የአንድ አገር የውስጥ አስተዳደር ወሰኖች ስለ ነበሩ፣ በፈርጋና ሸለቆ እረኛው ከብቱን፣ ገበሬው የመስኖ ቦዩን ተከትሎ እንደ ልቡ ይሻገራቸው ነበር፤ ኮሚሽኖችም በየጊዜው ያሻሽሏቸው ነበር። ኅብረቱ ሲፈርስ ታጂኪስታን የ1920ዎቹን፣ ኪርጊዝስታን የ1950ዎቹን መጨረሻ ካርታ ይዘው ቀረቡ። ሁለቱም የዚያው የሶቪየት መንግሥት ሰነዶች ናቸው። ወደ 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ከሚጠጋው ወሰን ሲሶ ያህሉ እስከዚያ መስከረም ድረስ ስምምነት አልተደረሰበትም ነበር።

ሐተታው ውስጥ ሌላም የከነከነኝ ነገር ነበር፤ ጠቡ ሁሉ ስታሊን ሆን ብሎ የቀበረው ፈንጂ ተደርጎ ቀርቧል። በክፍፍሉ ጊዜ ስለ ገበያ ከተማ፣ ስለ ውኃና ስለ ግጦሽ አጥብቀው የተሟገቱት የየአካባቢው ኮሚኒስቶች ራሳቸው ነበሩ። ከነጻነት በኋላ የተደረገውንም ዘሎ ማለፍ አይገባም። ታጂኪስታን አዲሱን መንግሥቷን በጥንቱ የሳማኒዶች ሥርወ መንግሥት ላይ አቁማ ገንዘቧን ሳይቀር ሶሞኒ ብላ ሰየመች፤ ኪርጊዝስታንም እ.ኤ.አ. በ1995 የኪርጊዞች የአፈ ታሪክ ጀግና የሆነውን የማናስን ገድል አንድ ሺህኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት አከበረች። አዲስ አገር ታሪኩን ማክበሩ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በዚህ መንፈስ ያደገ ትውልድ ፊት ቆሞ አንዲት ቦይ የሚለቅ መሪ ከሀዲ መባሉ አይቀርም፤ ድርድሩን ሠላሳ ዓመት ካጓተቱት ምክንያቶች አንዱ ይህ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 በጎሎቭኖይ የውኃ ማከፋፈያ አጠገብ ምሰሶ ላይ የተተከለ ካሜራ ያስነሣው ጠብ በድንጋይ ውርወራ ጀምሮ በማግስቱ የሁለት ጦር ተኩስ ሆነ፤ ከ50 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ይህን ለባልደረባችን ሳስረዳው ሐተታውን በዚያው ማከፋፈያ እንዲጀምር ወሰነ፤ የስታሊንንም አንቀጽ በገዛ እጁ ሰረዘው።

ካርታው በመጨረሻ አከራካሪው ቦታ በተቆራረጠ መስመር ተሠርቶ፣ የሁለቱም ሰነዶች ዘመን ከሥሩ ተጽፎ ወጣ። ማተሚያ ቤቱ ተራችንን ለሌላ ሰጥቶ ስለ ነበር መጽሔቱ ዘግይቶ አዟሪዎች እጅ ገባ፤ አለቃችንም በዚህ አልተደሰቱም።

ሁለቱ ፕሬዚዳንቶች እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2025 ቢሽኬክ ላይ የወሰን ስምምነቱን ሲፈርሙ፣ ዜናውን የሠራው ያው ባልደረባችን ነበር። ሰፊውን ቦታ የሰጠው ለፊርማው ሥነ ሥርዓት ሳይሆን፣ መንደራቸው በመሬት ልውውጡ ወደ ታጂኪስታን ለተላለፈባቸውና ሌላ ቦታ መስፈር ግድ ለሆነባቸው የዶስቱክ ኪርጊዞች ነበር።