ሆብስን ከሀንድአውት ውጪ ሳገኘው

ፍሬሽማን እያለን ያጠናነው ሀንድአውት ላይ ስለ ሦስት የድሮ የአውሮፓ ፈላስፎች አንድ ሰንጠረዥ ነበረች። ሆብስ፦ ሰው በተፈጥሮው ክፉ ነው። ሎክ፦ ሰው በተፈጥሮው ጥሩ ነው። ሩሶ፦ ሰውን ያበላሸው ማህበረሰብ ነው። አለቀ። እሷን ሸምድደን ፈተና ገባን፣ ኤ ያገኘም አገኘ፣ እኔ ቢ ፕላስ ነበርኩ፣ ከዛ በኋላ ስንት አመት ሙሉ የሆብስ ስም በተነሳ ቁጥር "እሱ ሰው ክፉ ነው የሚለው ሰውዬ አይደል?" እያልኩ ስኖር መጽሐፉን አንድም ቀን ገልጬው አላውቅም።

ክረምት ላይ ነው እልህ ይዞኝ የሆብስን መጽሐፍ ሌቪያታንን ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከሚባለው የድሮ መጽሐፍት ድረገጽ በነጻ ስልኬ ላይ ያወረድኩት። ታክሲ ሰልፍ ላይ አነበዋለሁ ብዬ ነበር፣ የዋህነቴ! የ1651 እንግሊዝኛ ነው፣ አንዱ አረፍተ ነገር ስምንት መስመር ይሄድና እንደ ድሮ ዘመን ደብዳቤ ማሰሪያው እስኪመጣ ነፍስህ ትወጣለች። ስለዚህ ማታ ማታ ደብተር ይዤ በቀን ሁለት ገጽ ሆነ፣ አንዳንድ ቀን ሁለቱም አይሞላም።

ሰንጠረዧ የፈረሰችብኝ ምዕራፍ 13 ላይ ነው። አጭር ናት፣ ጥቂት ገጽ። ሰውዬው ሲጀምር ስለ ክፋት ምንም አይልም፣ የሚጀምረው ከእኩልነት ነው። በጣም ደካማ የተባለው ሰው እንኳን ተንኮል ሰርቶ ወይ ከሌላ ጋር ተባብሮ ጉልበተኛውን መግደል ይችላል፣ ስለዚህ ማንም ከማንም በላይ ተማምኖ አይተኛም ነው የሚለው። ሁለት ሰው አንድ ነገር ከፈለገና ለሁለት የማይሆን ከሆነ ይፈራራሉ፣ ከፈሩ ደሞ ቀድሞ የመታ ይሻላል። ፉክክር፣ አለመተማመን፣ ክብር ፈላጊነት፣ የጠብ ምክንያቶች ብሎ የሚዘረዝረው እነዚህን ነው። ክፉ መሆን አይጠበቅብህም፣ ጎረቤትህ ምን እንደሚያስብ አለማወቅህ ብቻ ይበቃል።

ከዛ ያቺ ሁሉም ሰው የሚጠቅሳት፣ ሁሉን የሚገዛ ኃይል በሌለበት ህይወት ብቸኛ፣ ድሃ፣ አስቀያሚ፣ አውሬያዊና አጭር ናት የምትለው ትመጣለች። ከሷ በታች ያለችውን ግን ሀንድአውቱ አልነገረንም። ካላመንከኝ ራስህን እየው ይልሃል። መንገድ ስትወጣ መሳሪያ ትይዛለህ፣ ስትተኛ በርህን ትዘጋለህ፣ እዛው ቤትህ ውስጥ እንኳን ሳጥንህን ትቆልፋለህ፣ ይሄ ሁሉ ህግ እያለ፣ ዳኛም እያለ። ታዲያ ስለ ልጆችህና ስለ ሰራተኞችህ ምን እያልክ ነው? እኔ በቃል ያልኩትን አንተ በስራህ አላልክም ወይ? የሰው ፍላጎት በራሱ ኃጢአት አይደለም ብሎም ወዲያው ይጨምራል።

ይሄን ሳነብ ማታ አራት ሰዓት አካባቢ ነው፣ የግቢውን በር ቆልፌ፣ መቀርቀሪያውን ደርቤ፣ ሰንሰለቱንም አዙሬ ነው የገባሁት። የእማዬ የቁም ሳጥን ቁልፍ ደግሞ እስከዛሬ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ነው የሚያድረው፣ ቤቱ ውስጥ ያለነው ግን እኛ ልጆቿ ብቻ ነን። ብቻዬን ሳቅኩ።

ሰውዬው ፍርሃትን ከመጽሐፍ አይደለም የተማረው። የተወለደው በ1588 የስፔን መርከቦች እንግሊዝን ሊወጉ ይመጣሉ እየተባለ ነው፣ እናቴ መንታ ወለደች፣ እኔንና ፍርሃትን ብሎ ራሱ ጽፏል። የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ሳይጀመር ፓሪስ ሸሸ፣ ሌቪያታንን እዛ እየጻፈ ሳለ በ1649 የሀገሩን ንጉስ አንገት ቆረጡት። ለአምባገነኖች የተጻፈ መጽሐፍ ነው ሲባል እሰማ ነበር፣ ፓሪስ የተሰደዱት የንጉሱ ደጋፊዎች ግን መጽሐፉ ሲወጣ ተናደውበት ወደ ለንደን ተመልሷል። ለምን ቢባል ምዕራፍ 21ን ማየት ነው፣ ተገዢ የሚታዘዘው ገዢው ሊጠብቀው እስከቻለ ድረስ ብቻ ነው ይላል። ልገድልህ ብሎ ለሚመጣ ገዢ ዝም ብለህ አንገትህን የመስጠት ግዴታም የለብህም። ይሄን ያህል ስንጥቅ ያለው መጽሐፍ መሆኑን ማን ነገረን?

በነገራችን ላይ የመጽሐፉን የፊት ገጽ ስዕል ፈልጋችሁ እዩት። ዘውድ የደፋ ግዙፍ ሰው በአንድ እጁ ሰይፍ በሌላው የጳጳስ በትር ይዟል፣ አካሉ በትናንሽ ሰዎች የተሰራ ነው፣ እነሱ ደሞ ጀርባቸውን ለኛ ሰጥተው ወደሱ ፊት ነው የሚያዩት።

አልተስማማሁበትም፣ በተለይ ስልጣን መከፋፈል የለበትም የሚለው አይዋጥልኝም። ሎክ በኋላ ስሙን ደብቆ ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ጥሩ አድርጎ መልሶታል ብዬ አስባለሁ፣ ሰዎች ከሸለምጥማጥና ከቀበሮ እየተጠነቀቁ አንበሳ ሲበላቸው ግን ደህንነት ነው የሚሉ ጅሎች ናቸው ወይ ይላል። እዛ ጋ ሆብስን ስሙን አይጠራም፣ እኔ ግን ሳነበው ትዝ ያለኝ ያ ስዕል ነው።

አሁን የሌቪያታን ሦስተኛው ክፍል ላይ ነኝ፣ ወደ ግማሽ የሚሆነው መጽሐፍ ስለ ሃይማኖትና ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፣ እሱም ሰንጠረዧ ላይ አልነበረም፣ እውነቱን ለመናገር አድክሞኛል።

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ለፈተና ስታጠና ሀንድአውቷን አየሁት። ፎቶኮፒ የፎቶኮፒ፣ ሰንጠረዧ እዛው ናት፣ ሦስቱ ሰዎች እዛው ናቸው። ስለ በሩ፣ ስለ እማዬ ቁልፍ፣ ስለ ምዕራፍ 21 አንድ ሰዓት ሙሉ አወራኋት። ሰምታኝ ሰምታኝ፣ "እሺ ጋሼ፣ ፈተናው ላይ ግን ምን ብዬ ልጻፍ?" አለችኝ።

ሰንጠረዧን ጻፊ አልኳት።