ነፋሱ አልቆመም፤ እኛ ግን ወጣን

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ነፋሱ አልቆመም። ማዕበሉም ጸጥ አላለም። የጠፋው ሞተርም በራሱ ጊዜ አልተነሳም። እንዲህ ያለ ተአምር ፈልጋችሁ ከሆነ የእኔ ምስክርነት ያንስባችኋል። ግን እግዚአብሔር ይመስገን፣ በቅዱስ ገብርኤል አማላጅነት ከጣና ላይ ከነሕይወታችን ወጥተናል። እናቴ ያን ዕለት "ካወጣኸን ሥራህን ለሰው እንናገራለን" ብላ ተስላ ነበር። እሷ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራ ጨርሳለች። የቀረው የእኔ ድርሻ ነው።

ጀልባዋ የታላቅ ወንድሜ ናት። የእሱ ናት እላለሁ እንጂ የሁላችንም ናት። እቁብ አለበት። እናቴ ለክፉ ቀን ያስቀመጠችው ወርቅ አለበት። የእኔም ደሞዝ ተቆንጥሮ ገብቶበታል። ወንድሜ ለዓመታት በሰው ጀልባ እንግዳ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ወደ ዘጌ፣ ወደ ደብረ ማርያም፣ ጉማሬ ለማየት ደግሞ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት። ውሃውን ያውቀዋል። የራሱን ፋይበር ጀልባ ከአዲስ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ጋር ሲያገኝ ግን እንቅልፍ አጣ። ሌሊት እየተነሳ ባትሪ አብርቶ ያያት ነበር፤ ሚስቱ ናት የነገረችኝ።

የመጀመሪያው ጉዞ ወዴት ይሁን የሚለው ትንሽ አጨቃጨቀን። እሱ "ዳር ዳሩን ልሞክራት" አለ። እናቴ ደግሞ "የመጀመሪያ መንገዷ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው" አለች። ሁለቱም የፈለጉት ሆነ። ጠዋት ዳር ዳሩን ሞከራት፣ እሳት ሆነች። ከዚያ እናቴን፣ እኔንና ረዳቱን ልጅ አሳፍሮ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ተነሳን።

ስንሄድ ምንም አልገጠመንም። ወንድሜ ቀስ እያለ ነበር የሚነዳው። አዲስ ሞተር የመጀመሪያዎቹን 10 ሰዓታት ገደማ በሙሉ ጉልበት አይነዳም፤ ውስጡ ያሉት ብረቶች እስኪላመዱ ይታገሱታል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትፈለጋለች።

ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምን። ፈረንጅ ከስንት አገር መጥቶ የሚያያቸውን የግድግዳ ሥዕሎች እኔም አንገቴ እስኪያመኝ አየሁ። ከዚያ ዘጌ ላይ የእናቴ ወዳጆች ቡና አፈሉልን። የዘጌ ቡና እየተወቀጠ ተነስቶ መሄድ የለም። ሦስተኛውን ጠጥተን ተመርቀን ስንነሳ ዘጠኝ ሰዓት ሊል ነው።

ጣናን የሚያውቅ የከሰዓት ነፋሱን ያውቃል። ቀኑን ሙሉ ምድሩ በፀሐይ ይግላል፣ ከላዩ ያለው አየር ይነሳል፤ ሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊይዝ ወደ ዳር ይሮጣል። ጣና ደግሞ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ማዕበሉ አጭርና ተደራራቢ ይሆናል። አንዱን አለፍኩት ስትል ሌላው ደርሷል።

ወንድሜ ሰማዩን አየና ነፋሱን ልቅደመው ብሎ ጋዝ ጨመረ። ጀልባዋ አፍንጫዋን አነሳች፣ ረዳቱ ልጅ በደስታ አፏጨ። ትንሽ እንደሄድን ሞተሩ ድምፁን ቀየረ። ሳል ሳል አለው። ከዚያ ጠፋ።

ሞተር የጠፋበት ጀልባ ላይ ተቀምጣችሁ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ የሚያስፈራው ዝምታው ነው። ቀጥሎ ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ትሰጣለች። ያኔ ውሃ መግባት ይጀምራል።

ወንድሜ አልተደናገጠም። ከኮቱ ላይ የምትታሰረውን የሞተር ማጥፊያ ገመድ አየ፤ በቦታዋ ናት። ማርሹን ወደ ዜሮ መልሶ ቁልፉን አዞረ። ተነሳ! "ኪዳነ ምሕረት!" አልን። ትንሽ ሄድንና መልሶ ጠፋ። ቆየት ብሎ አስነሳው፤ ከፊተኛው ባጠረ ጊዜ ጠፋ።

ሞተሩን ከውሃው ወደ ላይ አጋድሞ ፕሮፔለሩን አየ። እምቦጭ ይሆናል ብሎ ነው። እምቦጩ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን እያስጨነቀ ነው፤ የሚብሰው ግን በሰሜኑና በምሥራቁ፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል ነው። እኛ ጋ የተገኘው ትንሽ የተቆረጠ የዓሣ መረብ ክር ነው። ፈታው። ሞተሩን ሲያስነሳው ከጎኑ የምትተፋው የማቀዝቀዣ ውሃ በደንብ ትወጣለች። ግሎም አይደለም፣ የማስጠንቀቂያው ጩኸትም የለም። ሄድን፤ ጠፋ።

"ከፍታው ነው" አለ ረዳቱ ልጅ። ይሄ ጀልባ ተራ ላይ ሁሌ የሚወራ ነገር ነው። ሐሰት አይደለም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ግድም ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። 40 ብለው የሸጡልህ ጣና ላይ ሲደርስ 32፣ 33 ቢሆን ነው። ወንድሜ ግን "ከፍታ ያደክመዋል እንጂ አይገድለውም" አለ። ልክ ነበር። ካንዴላውን ነቀለ፤ ንጹሕ ነው። የነዳጅ ፊልትሮውን አየ፤ ውሃ የለበትም። ሰልባቲዮው ውስጥ ቤንዚን ሞልቷል።

መልህቅ ጣልን። ከጀልባዋ ጋር የተሰጠን ገመድ አጭር ነው። መልህቅ ጭቃ ነክሶ እንዲይዝ ገመዱ የውሃውን ጥልቀት አምስትም ሰባትም እጥፍ መሆን አለበት፤ የእኛ ሁለት እጥፍም አይሞላ። ስለዚህ መልህቁ መሬቱን እየላሰ ይከተለን ጀመር። አንድ ነገር ግን ጠቀመን፤ ከፊት ስለታሰረ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ አዞረልን። በጎን የሚገባው ውሃ ቀነሰ። ልጁ በመቅዘፊያ ያግዛል፤ እኔ በጆግ ውሃ እቀዳለሁ። ላይፍ ጃኬት ሁላችንም ለብሰናል፣ እናቴ ከነጠላዋ በላይ።

ስልክ ተደወለ። አንዱ ጎርጎራ ነው። ሌላው አያነሳም። ሦስተኛው "እንግዳ አውርጄ እመጣለሁ" አለ። ፀሐይዋ እየወረደች ነው።

ወንድሜ እዚህ ላይ ተቀየረ። ቁልፉን እያዞረ ይሳደባል። ያዞራል፣ ይሳደባል። ባትሪው መድከም ጀመረ፤ ድምፁ ያስታውቃል። ሻጩን ረገመ፣ እቁቡን ረገመ፣ የተወለደበትን ቀን ሊረግም ሲል እናቴ ጮኸች።

"ተው! በገብርኤል! ተው ብዬሃለሁ!"

ክብራን ደሴት ትታያለች፤ የገብርኤል ገዳም ዛፎቿ ጠቁረው። ሴት ወደ ገዳሟ አትወጣም። እናቴ ከሩቅ እየተሳለመች ያረጀች ሴት ናት። እጇን ወደ ደሴቲቱ ዘርግታ እንዲህ አለች፤ ቃል በቃል ነው የማስታውሰው።

"ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ አባቴ፣ ውሃ ያቅትሃል? እኔስ ጠግቤ ኖሬያለሁ። ልጆቼን ግን አትውሰድብኝ። ጧፍና ዕጣንህን አመጣለሁ። ካወጣኸን ሥራህን ለሰው እንናገራለን።"

ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረች። "ቁልፉን ልቀቅ። ቁጭ በል። አቡነ ዘበሰማያት እንበል።"

"እማዬ፣ አሁን የጸሎት ጊዜ ነው?"

"ታዲያ መቼ ነው?"

ለዚህ መልስ አልነበረውም። ወለሉ ላይ፣ ሰልባቲዮው አጠገብ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ልጁ እየቀዘፈ፣ እኔ ውሃ እየቀዳሁ አባታችን ሆይ አልን። እውነት ለመናገር የእኔ ጸሎት የተበታተነ ነበር፤ ግማሹ እንባ ነው። "ከክፉ ሁሉ አድነን" ላይ ስንደርስ ወንድሜ ዝም አለ። ዓይኑን ገልጦ እጁን ያያል።

ከሰልባቲዮው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የነዳጅ ጎማ መሃሉ ላይ በመዳፍ የምትጨመቅ መጭመቂያ አለችው። ቤንዚን ሲሞላባት ጠንካራ ናት። ሲቀመጥ እጁ እሷ ላይ አርፏል። ጠፍጣፋ ሆናለች። ሁለቱ ጎኖቿ ተጣብቀዋል።

"ሞተሩ እየመጠጠ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "እየመጠጠ ነው ግን አይመጣለትም። አየር የለም!"

ከሞላ ጀሪካን ዘይት ስትቀዱ አይታችሁ እንደሆነ፣ አየር የሚገባበት ካጣ ዘይቱ እንቢ ይላል። ሰልባቲዮውም እንደዚያው ነው። ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ብሎን አለች። ጠዋት ሲከፍታት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያኔም ክፍት ነበረች። ወንድሜ ሙሉውን ክዳን ፈታው። ፍስስስ አለ። አየር ወደ ውስጥ ሲገባ አራታችንም ሰማነው።

ክዳኑን ገለበጠው። ከውስጥ በኩል፣ ከቀዳዳዋ ሥር፣ የመስታወት ያህል የጠራች ስስ ላስቲክ ተለጥፋለች። ዕቃው ሲታሸግ የተደረገች ናት፤ ሲሸጥም ያነሳት የለም። ብሎኗን የፈለግህ ያህል ክፈት፣ ከሥር ተደፍናለች። ቀስ ብለን ስንሄድ በጠርዟ ሾልኮ የሚገባው አየር ለሞተሩ በቅቶታል። ጋዝ ሲጨመር አልበቃውም። እየቆየን ስናስነሳው የሚነሳውም ለዚህ ነበር፤ ቆመን ሳለ ትንሽ አየር ይገባለታል። ጠዋት ዳር ዳሩን ስትሞከር ያልታወቀውም ጊዜው አጭር ስለነበር ነው።

ላስቲኳ በጥፍር አልላቀቅ አለች። እናቴ ከነጠላዋ ላይ የመርፌ ቁልፏን ነቅላ ሰጠችው። በሷ ፈልቅቆ አነሳት፣ ቀዳዳዋንም ወጋት። ክዳኑን መልሶ በደንብ አጠበቀ፤ በማዕበል ላይ ክፍት ሰልባቲዮ ይዞ መሄድ ሌላ ሞት ነው፣ ቤንዚን ፈሶ ከባትሪው ጋር ቢገናኝስ። መጭመቂያዋን እስክትጠነክር ጨመቃት። "እማዬ፣ አሁንስ ላዙር?" አለ።

"አዙር፣ አባቴ።"

ባትሪው አቃሰተ። አንዴ ዞረ። ተነሳ።

እልል አልኩ። እናቴ አላለችም። "ዳር ስንደርስ" አለች። መልህቁን ስበን፣ በመካከለኛ ፍጥነት፣ ማዕበሉን በአፍንጫ እየወጋን ሄድን። ነፋሱ እንደነበረ ነው። ባሕር ዳር መብራቱ በርቶ ደረስን። እናቴ መሬት ረግጣ እልልታውን አቀለጠችው፤ መዝናኛው ላይ ቢራ የያዙት ሁሉ ዞረው አዩን።

ይህን የሰማ አንድ ዘመዳችን ሳቀብኝ። "ያዳናችሁ ክዳን ነው እንጂ ጸሎት ነው እንዴ?" አለኝ። ክዳን መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ አብሬ አየሁት። እኔ የምመሰክረው ሌላ ነው። ወንድሜ ያችን መጭመቂያ ስንቴ ተራምዷታል፣ አላያትም። ቁልፉን ማዞር ባይተው ባትሪው ያልቅ ነበር፤ ያ ሞተር ደግሞ በገመድ ተስቦ የሚነሳ ዓይነት አይደለም። ያን ሰዓት ማንም ሰው ምክር ቢሰጠው አይሰማም። ቁጭ ያደረገው ጸሎቱ ነው፤ የተቀመጠውም ሌላ ቦታ ሳይሆን እዚያ ነው። ዘመዴ አጋጣሚ ይበለው። እኔ ገብርኤል እላለሁ።

ሻጩ፣ ስሙን ተዉት፣ ሌላ ክዳን ሰጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ወንድሜ አሁን አዲስ ሰልባቲዮ የገዛ ሁሉ ክዳኑን ከውስጥ በኩል እንዲገለብጥ እየዞረ ይነግራል። ገመዱንም በረጅም ለውጧል። ለከፍታው ደግሞ የምላጮቹ ጥምዘት አነስ ያለ ፕሮፔለር እንዲገጥም መክረውታል፤ ሞተሩ ሳይጨነቅ ዙሩን እንዲያገኝ። ብር ሲገኝ ይገጥማል።

ስለቱን በ19 አደረስን። ወንድሜና ልጁ ጧፉንና ዕጣኑን ይዘው ወደ ክብራን ገዳም ወጡ። እኔና እናቴ ታች ወደቡ ላይ ቀረን፤ ሴት እስከዚያ ነው። ቆይተው አንድ አባት ጸበል ይዘው አብረዋቸው ወረዱ። የሆነውን ሁሉ ሰምተዋል። ጀልባዋን ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ ረጩ፣ ሞተሩን በመስቀላቸው ባረኩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ወለሉን እያዩ ወንድሜን ጠየቁት።

"የትኛዋ ናት እቴ፣ ያቺ ክዳን?"

አሳያቸው። እሷንም ለብቻዋ ረጯት።