«ልጄ አሜሪካ ደላላ ናት»

ሲያትል መኖር ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። ሥራዬ ጎዳና ላይ የሚያድሩ ሰዎችን ቤት ማስገባት ነው። ይህንን ለእናቴ ለማስረዳት ያልሞከርኩት የለም። «ኬዝ ማናጀር» ብላት አልገባትም። «ሶሻል ወርከር» አልኳት፣ እሱም አልሆነም። ባለፈው ለእረፍት አዳማ ስገባ፣ ቡና ላይ ለጎረቤት ስታስተዋውቀኝ ሰማኋት። «ልጄ አሜሪካ ደላላ ናት።»

እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። አንዷ እማማ ደግሞ «አሜሪካም በረንዳ አዳሪ አለ እንዴ?» አሉ። አለ እንጂ። በፈረንጆቹ 2024 ጥር ላይ በተደረገው የአንድ ሌሊት ቆጠራ፣ መጠለያ ውስጥ ያሉትን ጨምሮ ከ770 ሺህ በላይ ቤት አልባ ሰው ነው የተገኘው። ስነግራቸው ስኒያቸውን እንደያዙ ቀሩ።

እዚያ መንግሥት ባውቸር የሚባል ነገር ይሰጣል። ተከራዩ ከገቢው 30 በመቶ ገደማ ይከፍላል፣ የቀረውን መንግሥት ይሸፍናል። ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን ባውቸር ወረቀት እንጂ ቤት አይደለም። ቤቱን የሚፈልገው ሰውየው ራሱ ነው፣ ያውም ቀን እየተቆጠረበት። መጀመሪያ የሚሰጠው ቢያንስ 60 ቀን ነው። አከራዩ ደግሞ «ከዚህ በፊት የት ተከራይተህ ነበር?» ይላል። ሦስት ዓመት ድንኳን ውስጥ የኖረ ሰው ምን ብሎ ይሙላ? «ባውቸር አልቀበልም» ማለት ሲያትል ባለችበት በዋሽንግተን ስቴት ከ2018 ጀምሮ (በእነሱ አቆጣጠር) በሕግ ክልክል ነው። ስለዚህ ማንም እንደዚያ አይልም። «ይቅርታ፣ ቤቱ ተይዟል» ነው የሚሉት።

አንዱ ደንበኛዬ መታወቂያው ከድንኳኑ ጋር ተጠርጎ ተጣለበት። መታወቂያ ልናወጣ ስንሄድ የልደት ሰርተፊኬት አምጡ ተባልን። ሰርተፊኬቱን ስንጠይቅ ደግሞ መታወቂያ አምጡ። ስድስት ሳምንት በዚህ አለቀ።

ወደ አዳማ ልመለስ። መናኸሪያ ሸክም የሚሠራ፣ እናቴ ምሳ የምታበላው አንድ ልጅ አለ። የሚያድረው ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ለኪራይ የሚሆን ብር አጠራቅሟል፣ የሚያከራየው ነው ያጣው። አከራይ መታወቂያ ይለዋል፣ ቀበሌ አድራሻ ይለዋል። ሲነግረኝ ሳቄ መጣ። ሲያትል ቢሮዬ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ሦስታችን ባጃጅ ይዘን ፍራንኮ አካባቢ አንድ ደላላ ጋ ሄድን። ሁለት ስልክና ጠርዙ የተበላ ደብተር ይዞ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ሠረቅ አድርጌ ደብተሩን አየሁት። አብዛኛው የተጻፈው ስለ ቤት አይደለም፣ ስለ አከራይ ጠባይ ነው። «ልጅ አትወድም።» «ውሃ ትቆጥራለች።» «ማታ 3 ሰዓት በር ትዘጋለች።» እኔም እንዲህ ዓይነት ዝርዝር አለኝ፣ ልዩነቱ የኔ ኮምፒውተር ላይ መሆኑ ነው።

«ስለ ኪራይ እንዳታነሱ፣ መጀመሪያ ቡናቸውን ጠጡ» አለን።

ጠጣን። ቤቱ ጓሮ ያለች አንዲት ክፍል ሰርቪስ ናት። አከራይዋ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ሥራው ምንድነው፣ ይጠጣል ወይ፣ ማታ ሰው ይመጣበታል ወይ። የሦስት ወር ቅድሚያ ሲሉ ደላላው «ኧረ እማማ፣ የ2016ቱ አዋጅ ከሁለት ወር በላይ አይፈቅድም» ብሎ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ሁለት ወር ሆነ። ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ።

«ዋሱ ማነው?»

እናቴ ስኒዋን አስቀመጠች። «እኔ ነኝ። ክፉ ነገር ካየሽበት ቤቴን ታውቂዋለሽ።»

እኔ ሲያትል ለዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ገጽ ፎርም እንደምሞላ ብነግራት አታምነኝም።

የዚያን ዕለት ማታ 2 ሰዓት፣ ሲያትል ረፋዱ ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። ፈቃድ ላይ ብሆንም አነሳሁት። የአንዲት ደንበኛዬ ባውቸር ሊያልቅ 9 ቀን ቀርቶታል። አከራይዋ ጋ ደወልኩ። ስለ አየሩ ተጫወትን፣ የታመመች ድመቷን ጠየቅኳት፣ ስለ ቤቱ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። «ችግር ቢፈጠር ሌሊትም ቢሆን ለእኔ ደውዪ» አልኳት። እሺ አለች።

ስልኩን ስዘጋ እናቴ በር ላይ ቆማለች። እንግሊዝኛ አትሰማም።

«ተሳካልሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ጎሽ። ኮሚሽኑ ስንት ነው?»