የራሴን አፕ በ50 ብር ገዛሁ

ፒያሳ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ጠባብ ሞባይል ቤት ገባሁ። የአክስቴ ስልክ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ላስቀይርላት ነበር። መስታወቱ ላይ «አፕ እንጭናለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ልጁ ስክሪኑን ሲያጣብቅ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ «ፆምና በዓል የሚያሳይ ካላንደር አላችሁ?» አልኩት።

«አለ ብሮ። ፕሮውን ነው የምጭንልህ፤ ክራክ ነው። 50 ብር።»

ክራክ ማለት ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራ ቅጂ ነው። ጫነው። ሲከፈት አየሁት። የኔው አፕ ነው። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁባት የጥምቀት ጃንጥላ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። «አፕዴት አድርገኝ ካለህ እሺ እንዳትለው፤ ይዘጋብሃል» ብሎ መከረኝ፣ ከልቡ። 50 ብሩን ከፍዬ ወጣሁ። ምን ልበለው?

ነገሩ የሚጀምረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን አፍንጫ ሥር ያለች፣ እንጀራ ለመግዛት እንግሊዝኛ የማያስፈልግባት ከተማ። 14 ዓመት ኖሬባታለሁ። ቀን ቀን ለሰው ኩባንያ ኮድ እጽፋለሁ፣ ማታ ማታ ለራሴ። እናቴ ስትደውል «ዛሬ እኮ ፆም ነው፤ ምን በላህ?» ትለኛለች። ሁልጊዜ ሥጋው አፌ ውስጥ እያለ ነው የምትይዘኝ። ካላንደሩን የጀመርኩት ከዚያ እፍረት ነው።

ከዚያ ኩባንያው ሠራተኛ ቀነሰ፤ እኔም ተቀነስኩ። ያጠራቀምኳትን ይዤ ጥር 2017 አዲስ አበባ ገባሁ። ሜሪላንድ የሁለት ወር የቤት ኪራይ የምከፍልበት ገንዘብ፣ አራት ኪሎ አክስቴ ጋ ከተቀመጥኩ ብዙ ወር ያቆየኛል። አክስቴ ደግሞ የኪራይ ነገር ቢነሳባት የምትቀየም ሴት ናት።

በመጀመሪያው ቀን ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ፤ አስረዳኋት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የወረቀት ካላንደር ቀና ብላ አየችና «እና ይሄንን ነው ስልክ ውስጥ የምትከተው?» አለች።

«አዎ።»

«አሜሪካ ድረስ ሄደህ?»

ለብቻው አፕ ለሚሠራ ሰው ኮድ መጻፉ ከሥራው ትንሹ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም። አፕል፣ አፕ በመደብሩ ለሚያወጡ አልሚዎች (አፕ ሠሪዎች ማለት ነው) በየዓመቱ 99 ዶላር ያስከፍላል። ጎግል አንድ ጊዜ 25 ዶላር ይወስዳል፤ ግን በግለሰብ ስም አዲስ አካውንት የከፈተ ሰው አፑን ከማውጣቱ በፊት 12 ሰዎች ለ14 ቀን ሳይቋረጡ በሙከራው ውስጥ መቆየት አለባቸው። ቀድሞ 20 ነበር።

12 ሰው ቀላል ይመስላል። እስቲ አንድሮይድ ያለው፣ ጂሜይሉንም የሚያውቅ 12 ሰው ፈልጉ። ብዙ ሰው ጂሜይሉን የከፈተለት ስልኩን የሸጠለት ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉንም የሚያውቀው እሱ ነው። የአጎቴን ልጅ፣ የሱን ጓደኞች፣ መብራት ሲጠፋ የምሸሽበትን ካፌ አስተናጋጆች ለምኜ ልክ 12 ሞላሁ። በ9ኛው ቀን አንዱ ጓደኛ ከሙከራው ወጣ። «ሜሞሪ ሞላብኝ» አለ። ቆጠራው እንደገና ከአንድ ተጀመረ። ሁለተኛውን ዙር 15 ሰው ይዤ ገባሁ። ማኪያቶው ብቻ ሊያከስረኝ ነበር።

ከመደብሮቹ የአንዱ ገምጋሚ ደግሞ «መተግበሪያው የተሳሳተ ሰዓት ያሳያል» ብሎ መለሰብኝ። እሱ ስልክ ላይ ጠዋት 7 ሰዓት ነው፤ የኔ አፕ 1 ሰዓት ይላል። ልክ ነው እኮ! እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ጎህ ሲቀድ ጀምረን እንደሆነ ስድስት አንቀጽ ጻፍኩለት። በሦስተኛው ቀን አለፈ። 13ኛ ወር አለን ብዬ ስለ ጳጉሜን ለማስረዳት አለመገደዴን እስካሁን እንደ ዕድል ነው የማየው።

ዋጋው 2.99 ዶላር ነው። መደብሮቹ ከእንደኔ ዓይነቱ ትንሽ አልሚ 15 በመቶ ይቆርጣሉ፤ እንደ ፈረንጆቹ እስከ 2021 ድረስ 30 ነበር። በመጀመሪያው ወር 34 ሰው ገዛ። ተቆርጦ የቀረልኝ 86 ዶላር ነው። የአፕልን 99 እንኳ አልሸፈነም። ገዢዎቹ ከየት እንደሆኑ ሳይ ዋሽንግተን አለ፣ ዳላስ አለ፣ ስቶክሆልም አለ፣ ዱባይ አለ። ከኢትዮጵያ ዜሮ።

አይፈረድም። እዚህ በውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው ስንት ነው? ዋጋውስ? ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ 2.99 ማለት 170 ብር መሆኑ ነው። በ2017 ወደ 400 ተጠጋ። አክስቴ ይህን ብትሰማ ካላንደሯን ከግድግዳው አውርዳ ታቅፋው ነበር።

ስለዚህ ለአገር ቤት ለብቻው ፋይል አዘጋጀሁ፤ ከመደብሩ ውጭ። ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ አለ፤ የማይጠቀም ሱቅ አሁን ብዙ አታገኙም። 100 ብር ይልኩልኛል፣ ስክሪንሾቱን በቴሌግራም ይሰዱልኛል፣ እኔ መክፈቻ ኮድ እሰጣለሁ። ሥራው በሙሉ በእጅ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስክሪንሾት ይመጣል፤ ተነስቼ ኮድ እልካለሁ። አንዳንዱ የሌላ ሰው ስክሪንሾት ነው፤ የባለፈውን ሳምንት ቀን እንኳ አያጠፉትም። አንዷ ኮድ ብቻዋን ወደ ስልሳ ስልክ ከፈተች። ያኔ እያንዳንዱን ኮድ ከአንድ ስልክ ጋር አሰርኩት። ሳምንት ሳይሞላ ክራኩ ወጣ። ፒያሳ ያገኘሁት እሱን ነው።

ተናደድኩ? ትንሽ። ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ራሴ ኮምፒውተር የተማርኩት እዚሁ አራት ኪሎ፣ በስክሪብቶ ስም በተጻፈባቸው የተቀዱ ሲዲዎች ነው። ከነዚያ ውስጥ አንድም የተገዛ አልነበረም። ልጁን ሌባ ልለው ስል አፌ እምቢ አለኝ።

እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። የአክስቴ ጎረቤት መሪጌታ ናቸው። አንድ ቀን ቡና ላይ «እስቲ፣ ይሄ ማሽንህ ባሕረ ሐሳብ ያውቃል?» አሉኝ። የፆምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን የቤተ ክርስቲያን ስሌት ማለታቸው ነው። «ያውቃል መሪጌታ፤ ይጠይቁት» አልኩ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ። 2017ን አሉ። ነነዌ የካቲት 3፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12። ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሽ ዝም አሉና «2024ን በል» አሉኝ።

ስልኩ መጋቢት 26 አለ። ሳቁ። ጣታቸውን አንጓ በአንጓ ቆጠሩና «ሚያዝያ 24 ነው፣ ልጄ» አሉ።

ሌሊቱን ሙሉ ኮዱን ስፈትሽ አደርኩ። ስሌቱ እንዲህ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ከ5500 ጋር ትደምራላችሁ፤ ለ19 ታካፍላላችሁ፤ ከቀሪው አንድ ትቀንሳላችሁ። ያ ወንበር ይባላል። 2024 ላይ ድምሩ 7524 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። ሊቃውንቱ ያን ጊዜ 19 እንደተረፈ ይቆጥሩና ወንበሩን 18 ይሉታል። የኔ ኮድ ግን ከዜሮ ላይ አንድ ቀንሶ −1 አለ። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ፣ 30 በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይገኛል፤ የፋሲካ ቀን የሚወጣው ከሱ ተነስቶ ነው። የነሱ 12 ነው። የኔ −19።

የከፋው ግን፣ የወጣው ቀን ያበደ ቀን አለመሆኑ ነው። ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይወርድም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። ይህንኑ ዘበኛ አድርጌ ኮዱ ውስጥ አቁሜው ነበር። የኔ ስህተት ልክ ድንበሩ ላይ አረፈና ዘበኛውን ሰላም ብሎ አለፈ።

15 ሞካሪ፣ 34 ገዢ፣ ሁለት መደብር። አንዱም አላየውም። በማግሥቱ መሪጌታን «እንዴት ያችን ዓመት መረጡ?» አልኳቸው። «ተማሪ የሚወድቀው እሷ ላይ ነዋ» አሉኝ።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነበር። ለገዙት ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ደረሰ። ክራኩ ግን አፕዴት አይደረግም፤ ልጁ ራሱ አስጠንቅቆኛል። 2024 ሲደርስ ከዚያ ሱቅ የወሰደ ሰው ሁሉ ዐቢይ ፆምን አራት ሳምንት ቀድሞ ሊይዝ ነው። በኔ ስህተት።

አዲሱን ፋይል ፍላሽ ላይ ገልብጬ ወደ ፒያሳ ወረድኩ።

«ምነው ብሮ፣ ስክሪኑ ተነሳ እንዴ?»

«አይ፣ እሱ ደህና ነው። ያ ካላንደር ስህተት አለበት። የታረመውን አምጥቼልህ ነው።»

ማን እንደሆንኩ አልነገርኩትም። ፍላሹን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካና ፋይሉን በጥርጣሬ አየው።

«ይሄስ ክራክ ነው?»

«አዎ። ራሴ ነኝ የሰበርኩት።»

ቀና ብሎ አየኝ። «በጣም አሪፍ ነህ» አለኝ፤ «ሌላም ካለህ አምጣልኝ፤ እንካፈላለን።»