ለእናቴ የሳንባ ሐኪም ስንፈልግ

እናቴ ፈትል ያቆመችበትን ዓመት አስታውሳለሁ፤ ለምን እንዳቆመች ግን ማናችንም አልጠየቅናትም። በባሶና ወራና ተወልዳ እንዝርት ስታሾር የኖረች ሴት እንዝርቷን ስታስቀምጥ ዕድሜ ነው ተብሎ ይታለፋል። በኅዳር ውርጭ ጣቶቿ እንደ ባዘቶ ነጥተው፣ ቆይተው ጠቁረው፣ ምድጃ ዳር ስትቀመጥ ደግሞ ቀልተው ሲያቃጥሏት ብርድ ነው አልን። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ በብርድ የማያማርር ማን አለ? ደረቁ ሳል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ማጠሩም እንዲሁ።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ የአክታ ምርመራው ምንም ባያሳይም በራጁ ብቻ የሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ መድኃኒት ተጀመረላት። ነቀርሳ በበዛበት አገር ለሚያስል ሰው አስቀድሞ ነቀርሳን ማሰብ የሚያስወቅስ ስላልሆነ በዚያ ሐኪም አልተቀየምኩም። ሁለት ወር አራቱን፣ አራት ወር ሁለቱን መድኃኒት ጨርሳ ሳሉ ባለበት ሲቆይ ሌላ ክሊኒክ አስም ነው አለን። ሦስተኛው ቦታ ሲቲ ስካን አስነሥቶ «የሳንባ ጠባሳ» የሚል ውጤት ሰጠንና ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት በቀን 40 ሚሊ ግራም አዘዘላት።

የት እናሳክማት የሚለው ክርክር የተነሣው ያኔ ነው። አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ አዲስ ሕንፃና አዲስ ማሽን ያለው የግል ሆስፒታል መረጠ። አጎቴ በሬም ቢሆን ተሽጦ ውጭ አገር ትሂድ አለ። እናቴ ደግሞ ጻድቃኔ ማርያም ውሰዱኝ አለች፤ ወሰድናት፣ መድኃኒቷንም ሳታቋርጥ ተጠመቀች፤ በዚህ ጉዳይ የተጣላ የለም። እኔ ግን የሦስቱም አሳብ አንድ ነገር እንደጎደለው ይሰማኝ ነበር፤ በሽታው ምን እንደሆነ ሳናውቅ ሆስፒታል እየመረጥን ነበርና።

«የሳንባ ጠባሳ» የአንድ በሽታ ስም አይደለም። የሳንባን ሥጋ የሚያቆስሉና የሚያጠብሱ ከ200 በላይ የተለያዩ ሕመሞች አሉ። አንዱ ምክንያቱ ሳይታወቅ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑትን ይይዛል። ሌላው ሻጋታ ያለበትን ድርቆሽ ለዓመታት ከሚያገላብጥ ገበሬ፣ ወይም ከዶሮና ከእርግብ ብናኝ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሌላው ደግሞ እንደ ሩማቶይድ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ብግነት) ያሉ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃባቸው በሽታዎች ውጤት ነው። ሁሉም በራጅ ላይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ይለያያል። ምክንያቱ ለማይታወቀው ዓይነት ፕሬድኒሶሎንን የሰውነት መከላከያን ከሚያዳክመው አዛቲዮፕሪን ጋር አዳብሎ መስጠት የተለመደ ነበር፤ አንድ ትልቅ ጥናት በ2011 እ.ኤ.አ. ይህ ሕክምና በሽተኞቹን የበለጠ እንደሚጎዳ አሳይቶ ይህንኑ ውሕድ መስጠቱን አቋረጠ። ስለዚህ «ጠባሳ አለ» ብሎ መድኃኒት ከሚያዝዝ ሐኪም ይልቅ «የምን ጠባሳ?» ብሎ የሚጠይቀውን መፈለግ እንዳለብን ገባኝ።

እንዲህ ያለው ሐኪም ብዙ አይደለም። በአገር ውስጥ የሳንባ ሰብ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የተጀመረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ2005 ዓ.ም. ነው፤ የመገጣጠሚያና የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃባቸውን በሽታዎች የሚያክሙት የሩማቶሎጂ ሐኪሞችም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሲመረጥ የሆስፒታሉ ስም ያን ያህል አይረዳም። እኔ በስልክም በአካልም እየዞርኩ የጠየቅሁት ሦስት ነገር ብቻ ነበር፦ ይህን መሰል በሽተኛ በየሳምንቱ ታያላችሁ ወይ? ሲቲ ስካኑን የሳንባ ሐኪሙና የራጅ ሐኪሙ አብረው ያዩታል ወይ? የትንፋሽ አቅም የሚለካው ስፓይሮሜትሪ በአሁኑ ሰዓት ይሠራል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን ማሽኑ ኖሮ አፍ ላይ የሚገጠመው ዕቃ ያለቀበት ቦታ ገጥሞኛል። አንድ የካርድ ክፍል ሠራተኛ በጥያቄዬ ብትስቅም ሄዳ ጠይቃ መልሱን አምጥታልኛለች፤ እግዜር ይስጣት።

ያገኘነው ሐኪም ማዳመጫውን ከማንሣቱ በፊት እጇን ያዘ። «እማማ፣ ጣትዎ በብርድ ሲነጣ ስንት ዓመት ሆነው?» አላት። እናቴም «ኧረ ልጄ፣ የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ እንዲህ ነው» ብላ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። የጣቷን ቆዳ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ለማንሣት ሞከረ፤ አልተነሣም፣ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሯል። ቀለበቷ ከወለቀ ስንት ጊዜው እንደሆነ፣ ቃር ያስቸግራት እንደሆነ፣ እንጀራ ስትውጥ ደረቷ ላይ ይያዝ እንደሆነ ጠየቃት። ሁሉም ነበረባት፤ ለማንም ግን ተናግራ አታውቅም፤ ለሳል የሄደ ሰው ስለ ቃር ምን ያወራል? ከዚያ በኋላ ነው ጀርባዋን ያዳመጠው፤ ከታች በሁለቱም በኩል የጫማ ቬልክሮ ቀስ ተብሎ ሲላቀቅ የሚሰማውን የመሰለ ድምፅ እንዳለ ለተማሪዎቹ አሰማቸው። የደም ምርመራውም ጥርጣሬውን አጸናለት፦ ስክሌሮደርማ የሚባል፣ ቆዳንና የውስጥ አካልን የሚያደነድን በሽታ ሆኖ ሳንባዋ ላይ ደርሷል።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን የበሽታው ስም ሳይሆን ቀጥሎ የተናገረው ነው። ስክሌሮደርማ ያለበት ሰው በቀን ከ15 ሚሊ ግራም በላይ ፕሬድኒሶሎን ሲወስድ የደም ግፊት በድንገት አሻቅቦ ኩላሊትን የሚያቆም ቀውስ የመከሰት ዕድሉ ይጨምራል። እናቴ ደግሞ 40 ስትወስድ ከርማለች። ሐኪሙ በአንድ ቀን አላስቆማትም፤ ለሳምንታት የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆም ያም ራሱ አደጋ ስለሆነ ቀስ በቀስ እየቀነሰ፣ የደም ግፊቷን በየቀኑ እየለካን፣ ማይኮፌኖሌት ወደሚባል፣ የሰውነት መከላከያን ወደሚያዳክም መድኃኒት አሸጋገራት።

ሐኪሙ ትክክለኛ ሰው መሆኑን ያወቅሁበት ሌላም ምክንያት አለኝ። አዲስ አበባ ላይ ጣቷ ላይ የተደረገው መለኪያ የደሟን ኦክስጅን 91 በመቶ ሲል «ጥሩ ነው» ብሎ አልሸኘንም፤ የት እንደምንኖር ጠየቀ። አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን የሚራራቁት በ130 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም የእኛ ከተማ ከአብዛኛው አዲስ አበባ በብዙ መቶ ሜትር ከፍ ስለምትል አየሩ የሳሳ ነው፤ ቤት ስንለካት 86 ሆና ተገኘች። የአክስቴ ልጅ ይህን ሰምቶ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ትውረድ አለን። አሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ነገር ግን ወደ ቆላው ለመውረድ መጀመሪያ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን ጣርማ በርን መውጣት ግድ ነው። ለጊዜው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኦክስጅን ማምረቻ ተከራየን፤ መብራት ሲጠፋ እንዳንቸገር ደግሞ ሲሊንደር አጠገቡ አስቀመጥን።

የእኔ ጥፋት ያልኩትንም ልጻፍ። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ የሲቲ ስካኑን የጽሑፍ ውጤት ብቻ ይዤ ምስሉ ያለበትን ሲዲ ቤት ትቼ ነበር። ሐኪሙ የሌላ ሰው ጽሑፍ ሳይሆን ምስሉን ራሱን ማየት ስለሚፈልግ አንድ ቀጠሮ በከንቱ ሄደ፤ ሦስት ሰዎች ለሁለት ቀን አልጋ ተከራይተን ተመለስን። የጤና መድን ያላችሁም ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የሪፈር ወረቀቱን ተራ ካልጠበቃችሁ ወጪው ከኪሳችሁ ሊሆን እንደሚችል አትርሱ፤ እኛ በወንድሜ ችኮላ አንዱን ደረጃ ዘለን ከፍለንበታል።

አጎቴ አሁንም ውጭ አገር ይላል። ብር ቢኖረኝ እንኳ አሁን አልልካትም። ይህ በሽታ አንድ ጊዜ ታይቶ የሚያልቅ ሳይሆን በየወሩ ደም፣ በየጥቂት ወሩ ስፓይሮሜትሪ፣ በዓመት አንዴ የልብ አልትራሳውንድ የሚፈልግ ነው። ስለዚህ ሐኪሟን ለሁለት ከፈልነው፦ መድኃኒት የሚመርጠውና የሚለውጠው አዲስ አበባ ያለው ስፔሻሊስት ነው፤ የደም ምርመራውንና የደም ግፊቱን የሚከታተል፣ ትኩሳት ከያዛት ሌሊትም ቢሆን የምንሮጥበት የውስጥ ደዌ ሐኪም ደግሞ እዚሁ ደብረ ብርሃን አለ። ለሁለቱም አንድ ደብተር አለን፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ «ስክሌሮደርማ፤ ከፍተኛ ፕሬድኒሶሎን ያለ ሐኪሟ ምክር አይሰጣት» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ባለፈው ልኬት የትንፋሽ አቅሟ ከስድስት ወር በፊት በነበረበት ቆሟል፤ ሐኪሙ በዚህ በሽታ አለመቀነሱ ራሱ ጥሩ ዜና ነው ብሎናል። የሱፍ ጓንት ገዝተንላታል፤ ቤት ውስጥ ግን ማድረግ አትወድም፤ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ ነጠላዋ ሥር ትደብቀዋለች። ቀጣዩ ቀጠሮ የካቲት ላይ ነው፤ ሲዲው ከአሁኑ ቦርሳው ውስጥ ገብቷል።